ልብን የሚቈጥር ሰዓትና አጠቃቀሙ

በቋንቋችን አንድን ነገር በጥንቃቄ ማስተዋልን «ልብ ማድረግ» እንለዋለን። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ልብ የምናደርገው የውጩን ነገር ነው፤ ራሱን ልባችንን ልብ የምንል ጥቂቶች ነን። ዐርፎ የተቀመጠ ጐልማሳ ሰው ልብ በአንድ ደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ መታ ማለት ነው። ይህን ያህል የሚደክምልንን አገልጋይ ተጨማሪ ሥራ በምንሰጠው ጊዜ፥ ሸክሙ ምን ያህል እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል። በጥቂት ዋጋ የሚገኝ የልብን ትርታ የሚቈጥር የእጅ ሰዓት ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

መለኪያ ለምን ያስፈልጋል?

ሐኪም «ሰውነታችሁን አንቀሳቅሱ» ብሎ ከመከራቸው ሰዎች መካከል አንዱ በመጀመሪያው ቀን እንደ ጐበዝ ወጣት ሊሮጥ ይነሣል፤ በሦስተኛው ቀን ጕልበቱ ዝሎ ነገሩን ጨርሶ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ከወዳጆቹ ጋር እየተጨዋወተ፥ በየመንገዱ እየቆመ ጥቂት ይንሸራሸርና ግዴታውን እንደ ፈጸመ ይቈጥረዋል። የፊተኛው ልቡን አስጨነቀ፤ የኋለኛው ልቡን ከእንቅልፉ አልቀሰቀሰም። ሁለቱም ፈቃድ አላቸው፤ የጐደላቸው መለኪያ ነው።

ከዚህም በላይ የአንዱ ሰው እርምጃ ለሌላው መለኪያ ሊሆን አይችልም። እኩያ የሆኑ ባልና ሚስት ጐን ለጐን ሆነው አንድ ዳገት ቢወጡ፥ የእርሷ ልብ በደቂቃ 112 ጊዜ ሲመታ የእርሱ 140 ሊደርስ ይችላል። መንገዱ አንድ፥ እርምጃውም አንድ ሲሆን፥ የልባቸው ሥራ ግን ሁለት ነው። ሰዓቱ የሚጠቅመን ይህን በዐይን የማይታይ ልዩነት ስለሚገልጥልን ነው።

የሰዓቱ ታሪክ በአጭሩ

የደም ሥርን ትርታ በሰዓት መቍጠር አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1707 ዓ.ም. ስለዚሁ ጕዳይ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ የሚሄድ ሰዓትም አሠርቶ የበሽተኞቹን ትርታ በርሱ ይቈጥር ነበር። ነገር ግን በሩጫ ወይም በእርምጃ ላይ ያለ ሰው ትርታውን በጣቱ ሊቈጥር ቢፈልግ መቆም አለበት፤ በቆመም ጊዜ ልቡ ወዲያው መቀዝቀዝ ስለሚጀምር፥ የሚያገኘው ቍጥር ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል።

ይህን ችግር የፈቱት የፊንላንድ ሰዎች ናቸው። በአገራቸው በበረዶ ላይ ረጅም መንገድ መንሸራተት የታወቀ ስፖርት ነውና፥ ስፖርተኛው በልምምድ ላይ ሳለ ልቡ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋቸው ነበር። በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ሴፖ ሳይናያካንጋስ በ1977 ዓ.ም. በከምፔሌ ከተማ ፖላር የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ኩባንያውም በ1982 ዓ.ም. ያለ ሽቦ የሚሠራ፥ ደረት ላይ በሚታሰር ቀበቶ አማካይነት የልብን ትርታ በእጅ ሰዓት ላይ የሚያሳይ መሣሪያ አወጣ። ያን ጊዜ የታላላቅ ስፖርተኞች ብቻ የነበረው መሣሪያ ዛሬ በብዙ ኩባንያዎች ስለሚሠራ፥ መጠነኛ ገቢ ላለው ቤተ ሰብም የሚደረስበት ሆኗል።

ሰዓቱ እንዴት ይቈጥራል?

ዛሬ በገበያ የሚገኙት ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኛው ዐይነት ቀበቶ ያለው ነው። ልብ በመታ ቍጥር የሚያወጣው እጅግ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል እስከ ቆዳ ይደርሳል፤ በቀበቶው ውስጠኛ ፊት ያሉት ሁለት መዳሰሻዎች ይህን ይቀበሉና ወደ ሰዓቱ ይልኩታል። ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን በደኅና ስለማያስተላልፍ፥ መዳሰሻዎቹን አስቀድሞ በውኃ ማራስ ያስፈልጋል። ቀበቶው ከጡት በታች ሳይላላ፥ ትንፋሽም ሳይከለክል ይታሰራል። ቀላል በሆኑት ሰዓቶች ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው ሲሄዱ የአንዱ ቍጥር በሌላው ሰዓት ላይ ሊታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥቂት መራራቅ ይበቃል።

ሁለተኛው ዐይነት ቀበቶ የሌለው ነው። ሰዓቱ በጀርባው ካለች ትንሽ መብራት አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል፤ ደም ይህን ብርሃን ስለሚውጥ፥ በእያንዳንዱ ትርታ ደም ሲበዛና ሲያንስ የሚመለሰው ብርሃን ይለዋወጣል፤ ሰዓቱም ይህንኑ ለውጥ ይቈጥራል። አያያዙ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ማሰሪያው ከላላ፥ እጅ በኀይል ከተወዛወዘ፥ ወይም ብርድ የእጅን ደም ካሳነሰ ቍጥሩ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ከእጅ አንጓ አጥንት ጥቂት ከፍ አድርጎ አጥብቆ ማሰር ይገባል።

ርካሽ ሰዓት የገዛ ሰው እውነተኛነቱን በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ጠቋሚና መካከለኛ ጣቶቹን በአውራ ጣቱ ግርጌ በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ያሳርፍ፤ ትርታውንም 60 ሴኮንድ ሙሉ ይቍጠር። ይህ ቍጥር ሰዓቱ ከሚያሳየው ጋር ቢቀራረብ ሰዓቱ ታማኝ ነው። ቀጥሎም ፈጠን ብሎ ተራምዶ ሲቆም ወዲያው 15 ሴኮንድ ቈጥሮ በ4 ያባዛውና ደግሞ ያስተያየው።

ልክን ስለ ማወቅ

ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ ቦታ የተለመደው ስሌት ይህ ነው፦ ከ220 ላይ ዕድሜ ሲቀነስ የሚቀረው ልብ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛው ቍጥር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ስሌት ደግሞ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ይቀንሳል። ለ40 ዓመት ሰው ሁለቱም 180 ይሆናሉ፤ ለ70 ዓመት ሽማግሌ ግን የፊተኛው 150፥ የኋለኛው 159 ይሰጣል። ከዚህም የምንማረው ቍጥሩ ግምት እንጂ ሕግ አለመሆኑን ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ከ10 ምት በላይ ሊለያይ ይችላል።

ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፤ የዕረፍት ትርታም መታወቅ አለበት። ፊንላንዳዊው ሐኪም ማርቲ ካርቮኔን በ1957 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት ምክንያት በስማቸው የሚጠራው ስሌት ይህን ያስገባል። ጧት ከመኝታ ሳይነሡ ትርታን ቈጥሮ፥ ያን ከከፍተኛው ቍጥር መቀነስ፤ ከቀሪውም ከመቶ 40 እና ከመቶ 60 ወስዶ በዕረፍቱ ትርታ ላይ መደመር ነው። ከላይ ያነሣናቸው ባልና ሚስት ሁለቱም የ50 ዓመት ሰዎች ናቸው እንበል፤ ከፍተኛው ቍጥራቸው 170 ነው። የባልየው የዕረፍት ትርታ 80 ቢሆን ልኩ ከ116 እስከ 134 ይሆናል፤ የሚስቲቱ 60 ቢሆን ልኳ ከ104 እስከ 126 ይሆናል። እንግዲህ በዚያ ዳገት ላይ እርሷ በልኳ ውስጥ ስትሄድ እርሱ ከልኩ አልፎ ነበር። ያዝ ማድረግ የሚገባው እርሱ ነው፤ ይህም ውርደት አይደለም።

አብዛኞቹ ሰዓቶች ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ወሰን ይቀበላሉ፤ ከወሰኑ ሲወጡም ድምፅ ያሰማሉ። አንድ ሰዓት ለቤተ ሰቡ ሁሉ የሚያገለግል እንደ ሆነ፥ የእያንዳንዱን ልክ በወረቀት ጽፎ ማኖርና በየተራው ማስተካከል ይገባል። ቀበቶውም ከአገልግሎት በኋላ ለስላሳ በሆነ ሳሙና ይታጠብ።

የእንቅስቃሴው ሥርዓት

1ኛ/ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በዝግታ በመራመድ ሰውነትን ማሟሟቅ።
2ኛ/ ልብን በልኩ ውስጥ አድርጎ 20 ወይም 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ። ወሰኑ ሲታለፍ እርምጃን ማሳጠር፤ ሲጐድል መጨመር።
3ኛ/ በድንገት ሳይቆሙ ልብ እስኪበርድ ድረስ 5 ደቂቃ በዝግታ መሄድ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለጐልማሶች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያዝዛል። በቀን 30 ደቂቃ፥ በሳምንት 5 ቀን የሄደ ሰው የመጀመሪያውን ልክ ያሟላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ ከ10 ደቂቃ ለሚጀምርም ሰው ዕፍረት የለበትም። ልምምዱ ሲጸና ያው መንገድ በቀድሞው ፍጥነት ሲታለፍ ትርታው ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ይህም ልብ እንደ በረታ ምስክር ነው።

ማስጠንቀቂያ

ቍጥሩን የሚለውጡ ብዙ ምክንያቶች አሉ። ሙቀት፥ ትኩሳት፥ ቡና፥ የእንቅልፍ ማጣትና የውኃ ጥም ትርታን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ በጾም ቀን ውኃ ሳይቀምሱ በፀሐይ የሚደረግ ፈጣን ጕዞ ከሌላው ቀን ይልቅ ልብን ያደክማል፤ ከምግቡ በኋላ ጥቂት ቈይቶ በማታ ብርድ መሄድ ይሻላል። እንደዚሁም ከቆላ ወጥቶ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የሚሄድ እንግዳ፥ አየሩን እስኪለምድ ድረስ ትርታው ከተለመደው ቢጨምር አይደነቅ።

በሌላ በኩል ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሕመም የሚሰጡ፥ ቤታ ብሎከር የሚባሉ መድኃኒቶች ትርታን ዝቅ አድርገው ይይዛሉ። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከላይ የተጻፈውን ስሌት ትቶ ልኩን ከሐኪሙ ይቀበል። የልብ በሽታ ያለበት፥ ወይም ብዙ ዘመን ሳይንቀሳቀስ የኖረ ሰውም ሳይጀምር ሐኪም ያማክር። በመንገድ ላይ ደረትን የሚያጨናንቅ ሕመም፥ የራስ መዞር፥ ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሰው ሰዓቱ ምንም ቢያሳይ ወዲያው ያቁም፤ ሕመሙ የማይለቅ ከሆነም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ሰዓት ምትን ይቈጥራል እንጂ በሽታን አይመረምርም።

የሚገዛ ሰው ምን ይምረጥ?

ትርታን በትልልቅ ቍጥር የሚያሳይ፥ ወሰን የሚቀበልና ባትሪው በቀላሉ የሚገኝ ሰዓት ይበቃል። ካርታ የሚያሳየው፥ መልእክት የሚቀበለውና እንቅልፍን የሚመዘግበው ለፈለገው ሰው መልካም ነው፤ ነገር ግን ልብን ለማጽናት ግድ አይደለም። ይህንም ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው አይዘን፤ እየሄደ መናገር የሚችል፥ ነገር ግን መዝፈን የሚያቅተው ሰው በመካከለኛው ልክ ላይ እንዳለ ይታወቃል። ለዚህ መለኪያ የሚከፈል ዋጋ የለም።

ሰዓቱ ችኵሉን ይገታዋል፥ ሰነፉንም ይቀሰቅሰዋል፤ መንገዱን ግን በሰው ፈንታ አይሄድለትም። አባትና እናት ልካቸውን ዐውቀው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢራመዱ፥ ልጆቻቸው ከብዙ ምክር ይልቅ ከዚህ ይማራሉ።