የምክር ሥራ በቆላው ምድር፦ ‹‹ላይፍ ኮቺንግ›› እንዴት እንጀራ ይሆናል?



‹‹ላይፍ ኮች›› የሚለው መጠሪያ ቀድሞ የሚሰማው በአዲስ አበባ አዳራሾች ነበር። ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ በኩል ገጠር ከተሞች ድረስ ደርሷል። ንግግር የተሰጣቸው፣ ጥቂት ያነበቡና ሰው የሚወዳቸው ወጣቶች ይህን ሥራ መተዳደሪያ ለማድረግ ይነሳሉ። አብዛኞቹ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። አድማጭ አላቸው፣ ‹‹ማሻአላህ›› የሚል አስተያየት ይጎርፍላቸዋል፣ የሚከፍል ደንበኛ ግን የለም። ይህ ጽሑፍ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚቆምና በሐላል መንገድ እንዴት እንደሚያድግ በመተማ ወረዳዋ በሽንፋ ዓይነት ከተማ ምሳሌነት ያብራራል።

ሥራው ምንድን ነው?

የኮቺንግ ሐሳብ በከፊል የመጣው ከስፖርት ነው። ቲሞቲ ጋልዌይ የተባለ አሜሪካዊ የቴኒስ አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተጫዋቹን የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ከመረቡ ማዶ ያለው ሰው ሳይሆን በራሱ ውስጥ ያለው ፍርሃትና ጥርጣሬ መሆኑን አስረዳ። ሐሳቡ ከሜዳ ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ግል ሕይወት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1995 ቶማስ ሊዮናርድ ዛሬ በዓለም ትልቁ የሆነውን የኮቾች ፌዴሬሽን መሠረተ። ይህ ማኅበር የመጀመሪያውን ደረጃ ምስክር ወረቀት ለመስጠት ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት የተግባር ልምድ ይጠይቃል።

ኮች ከአነቃቂ ተናጋሪ ይለያል። ተናጋሪው ስሜት ቀስቅሶ ይሄዳል። ኮች ግን ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ሰውየው ራሱ ውሳኔ ላይ እንዲደርስ ያግዛል፣ ከዚያም ውሳኔው መፈጸሙን ይከታተላል።

ይህ አሠራር ለሙስሊሙ እንግዳ አይደለም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ አንድ የአንሷር ሰው ለልመና ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። ነቢዩ በቤቱ ምን እንዳለው ጠየቁት። ያለው አንድ ምንጣፍና አንድ የውኃ መጠጫ ነበር። እነርሱን አስመጥተው በጨረታ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አደረጉ። እጀታውን በእጃቸው ገጠሙለትና እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥ፣ ለ15 ቀንም እንዳያዩት ነገሩት። ሰውየው አሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ።

ልብ ብለን እንየው። መጀመሪያ ጥያቄ አለ፣ ቀጥሎ በእጅ ያለውን ሀብት መለየት አለ፣ ከዚያ አንድ ግልጽ ሥራ፣ የተቆረጠ ቀን፣ በመጨረሻም በቁጥር የሚታይ ውጤት አለ። አንድ አማካሪ እነዚህን አምስቱን ከያዘ ሥራው መሠረት አገኘ ማለት ነው።

ለምን አያድግም?

የመጀመሪያው ምክንያት ‹‹ለሁሉም ሰው፣ ስለ ሁሉም ነገር›› ማለት ነው። ‹‹ሕይወትህን እለውጣለሁ›› የሚል ማስታወቂያ ማንንም አይጠራም፤ ሰው የሚከፍለው እንቅልፍ ለነሳው ለአንድ ጉዳይ ነውና። ስለዚህ ወጣቱ አማካሪ ከመናገሩ በፊት አካባቢውን ማየት አለበት። በመተማ ቆላ ቢያንስ ሦስት ግልጽ ጉዳዮች አሉ።

አንደኛው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በአገር አቀፉ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶው ዘጠና አምስት ያህሉ ‹‹አሁንስ ምን ላድርግ?›› የሚል ጥያቄ ገጥሞታል ማለት ነው። ወላጆቹም አብረው ተጨንቀዋል።

ሁለተኛው ስደት ነው። መተማ ዮሐንስ የሱዳን በር ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሰው በዚሁ በር ገብቷል። ከእነርሱ መካከል ሱዳን ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ሥራቸውን ጥለው የተመለሱ ሰዎች ከዜሮ መጀመር አለባቸው። ደላላ የሚያማልለው ወጣትም ከመንገዱ በፊት የሚያማክረው ሰው ይፈልጋል።

ሦስተኛው የሰሊጥ ብር ነው። ገንዘቡ በዓመት አንዴ፣ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በጥቂት ወራት አልቆ ክረምት ሲገባ ገበሬው ብድር ፍለጋ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ገቢን በ12 ወር ከፋፍሎ ማቀድ፣ ዘካን አስቦ ማውጣት፣ ለዘርና ለቀን ሠራተኛ የሚሆነውን አስቀድሞ መለየት ሰው ሊማረው የሚችል ክህሎት ነው።

አማካሪው ከእነዚህ አንዱን ይምረጥ። በአንዱ ስም ሲያወጣ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ጊዜውና ዋጋው

የሰሊጥን ነገር የቆላ ሰው ያውቀዋል። ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። የምክር ሥራም የራሱ ወቅት አለው። መስከረምና ጥቅምት ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው፤ በዚያ ወቅት ሥልጠና መጥራት ባዶ አዳራሽ ማየት ነው። የገንዘብ ምክር የሚጀመረው ምርቱ ከመሸጡ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ብሩ ከተበተነ በኋላ የሚሰጥ ምክር ጸጸት ከመጨመር አያልፍም። ለተፈታኞች ደግሞ ውጤት የሚወጣበት ሰሞን ዋናው ጊዜ ነው።

በዋጋ ረገድ የምክር አገልግሎት በፊቅህ ከኢጃራ ይመደባል። ኢጃራ ሥራውም ክፍያውም አስቀድሞ የታወቀ እንዲሆን ይፈልጋል። ‹‹የምትችለውን ስጠኝ›› ማለት ለሰደቃ ያምራል፣ ለውል ግን ጠብ ያመጣል። ስንት ጊዜ እንደሚገናኙ፣ ለስንት ሳምንት፣ በስንት ብር እንደሆነ በአንድ ወረቀት ይጻፍ። ደንበኛው ምርት ሲሸጥ እከፍላለሁ ካለ መጠኑና ቀኑ ተቆርጦ፣ ለመዘግየቱ ጭማሪ ሳይጠየቅ መስማማት ይቻላል። ዝርዝሩን የአካባቢውን ዑለማ መጠየቅ ይበጃል። የሚገባው ብር ከግል ኪስ ተለይቶ ይቀመጥ። ዛሬ ቴሌብርም አለ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች ሥራ ላይ ናቸው።

ዝላዩ የሚመጣው ከየት ነው?

ለአንድ ለአንድ ማማከር ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ሰዓት ግን አይጨመርም። ለምሳሌ ያህል እናስላ። አንድ አማካሪ 12 ወጣቶችን እያንዳንዳቸውን ስድስት ጊዜ ለአንድ አንድ ሰዓት ቢያገኝ 72 ሰዓት ይፈጅበታል። በሰዓት 200 ብር ቢያስከፍል አንዱ ወጣት 1,200 ብር ይከፍላል። ይህ ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። እነዚያኑ 12 ወጣቶች በአንድ ጀማዓ ሰብስቦ ስድስት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢያገኛቸው ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ይወስድበታል። እያንዳንዱ 500 ብር ቢከፍል 6,000 ብር ይገባል፤ ይህም በሰዓት ከ660 ብር በላይ ነው። ለደንበኛው ረከሰ፣ ለአማካሪው ጨመረ። ወጣቶቹም እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ አንዱ ቃሉን ሲያጥፍ ሌላው ያየዋል።

ከዚያ በኋላ የሚያሳድገው ውጤት ነው። ሲጀምሩ ምን እንደነበራቸው፣ ከሦስት ወር በኋላ የት እንደደረሱ ይመዝገብ። ከ12ቱ ስድስቱ ሥራ ጀምረው ከሆነ ‹‹ስድስቱ ጀመሩ›› ይባል። በትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ የተጋነነ ወሬ በአንድ የገበያ ቀን ይጋለጣል። እውነተኛው ውጤት ደግሞ በዚያው ገበያ ያለ ክፍያ ይተዋወቃል።

አማናው

ምክር የሚጠየቅ ሰው አደራ የተቀበለ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ከዚህ አራት ግዴታዎች ይወጣሉ።

ምስጢር ይጠበቃል። የደንበኛን ታሪክ ያለ ፈቃዱ ቲክቶክ ላይ ማውጣት ክህደት ነው። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች።

የማይታወቅ ነገር ቃል አይገባም። ‹‹በ21 ቀን ሀብታም›› የሚል ማስታወቂያ ማታለል ነው። አማካሪ ሰበቡን ያደርሳል፤ ሪዝቅ የአላህ ነው።

ወንድና ሴት ብቻቸውን ተዘግተው አይቀመጡም። ለእህቶች እህት አማካሪ ማሠልጠን ሸሪዓውን ከመጠበቁም በላይ ያልተነካ ትልቅ የሥራ መስክ ይከፍታል።

አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል፦ ድንበርን ማወቅ። በዚህ አካባቢ ጦርነት ያዩ፣ ቤተሰብ ያጡ፣ በመንገድ ላይ የተጎዱ ሰዎች አሉ። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ያየው ነገር እየተመላለሰ የሚያስደነግጠው፣ ወይም ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው የኮች ደንበኛ አይደለም። ቤተሰቡ እንዲያውቅ ተደርጎ ወደ ጤና ተቋም፣ ካስፈለገም ጎንደር ወዳለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መላክ አለበት። ‹‹ጠንክር፣ ሰብር አድርግ›› ብሎ ብቻ የሸኘው አማካሪ አንድ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። ሰብር መድኃኒት ከመፈለግ ጋር አይጣላም። እንዲህ ያለውን ደንበኛ ወደ ሐኪም የላከ አማካሪ የዛሬውን ክፍያ ቢያጣም የከተማውን እምነት ያተርፋል፤ የዚህ ሥራ ዋና ካፒታልም ያው እምነት ነው።

ለመጀመር አዳራሽም ካሜራም አያስፈልግም። አንድ ጉዳይ፣ አሥር አሥራ ሁለት ሰው፣ አንድ ደብተርና የተቆረጠ ቀን ይበቃል። ኒያችንን አስተካክለን ሰበቡን እናድርስ፤ በረካውን አላህ (ሱ.ወ) ይጨምርበት።

ወላሁ አዕለም።