ሁመርን በሳህን ስለ ማሳደግ፤ የቦንሳይ ጥበብ በባሮ ዳርቻ

ቦንሳይ የጃፓን ቃል ሲሆን ትርጉሙ በዝርግ ሳህን የተተከለ ማለት ነው። ሥራውም ታላቅ ለመሆን የሚችለውን ዛፍ ሥሩንና ቅርንጫፉን በየጊዜው እየከረከሙ፥ በአጭር ቁመት የሽማግሌ ዛፍ መልክ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ጥበቡ ከቻይና ወደ ጃፓን የተሻገረ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ706 ዓ.ም. በተሠራው በልዑል ጃንግህዋይ መቃብር ግድግዳ ላይ፥ ትንሽ ተክል ያለበትን ሳህን የተሸከመ አገልጋይ ተሥሎ ይገኛል።

ስለዚህ ጥበብ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ከሚያነሷቸው ተክሎች አንዱ አበባው ያማረው አዛሊያ ነው። አዛሊያ ኮምጣጣ አፈርና ለዘብ ያለ አየር ይወዳል፤ በአፍሪካ በዱር አይበቅልም። በአገራችን ካሉት ዘመዶቹ አንዱ በስሜንና በባሌ ተራሮች የምናየው አስታ ነው። ጋምቤላ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች፥ በበጋ ሙቀቷ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ ቆላ ናት። ስለዚህ ለባሮ ዳርቻ የምንመርጠው ሁመርን ነው። ሁመር የአፍሪካ ቆላ ተወላጅ ነው፤ ሙቀትን ይችላል፤ ቅጠሉ ደቃቅ ነው፤ ሲቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል።

ያረጀ ሁመር ከወንዙ ዳር ቆፍሮ ማምጣት አቋራጭ መንገድ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ባሮ በክረምት በሞላ ጊዜ አፈሩን የሚይዙት እነዚህ ሥሮች ናቸው፤ ሥሩ በጥልቀት የወረደ ዛፍም ሲነቀል በአብዛኛው ይደርቃል። ስለዚህ ከችግኝ ጣቢያ መጀመር ይሻላል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ግንዱ እንደ እርሳስ የወፈረ፥ ከሥሩ አጠገብ ቅርንጫፍ ያለው ችግኝ እንመርጣለን። በፕላስቲክ ከረጢት ብዙ የቆየ ከሆነ ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ይገኛልና መፍታት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ዝናብ በሚጀምርበት በግንቦት ወር፥ ወደ ታች የሚወርደውን ዋና ሥር ከጫፉ ሲሶ ያህል እንቆርጣለን። የቀረውን በሚመጣው ዓመት እናሳጥራለን። የጎን ሥሮችን እንደ ጨረር ዘርግተን፥ ታጥቦ በደረቀ ሻካራ አሸዋ፥ በተከሰከሰ ሸክላና በብስባሽ አፈር ድብልቅ ውስጥ፥ ታቹ በተበሳ ሰፊ ሣጥን እንተክለዋለን። ሁለት ሳምንት ያህል በጥላ ሥር ይቆያል።

ሦስተኛ፤ በጠባብ ሳህን የገባ ግንድ ፈጥኖ አይወፍርምና ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ከሣጥኑ አናወጣውም። በየክረምቱ ጫፉን እንቆርጣለን፤ ከቁርጡ በታች ያቆጠቆጠው ቅርንጫፍ ቀጣዩ ግንድ ይሆናል። እንዲህ ሲደጋገም ግንዱ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። የደቡብ ቻይና ሰዎች የታወቁበት ዘዴ ይኸው ነው። ሽቦ የሚጠመጥም ሰው ቢኖር፥ በክረምት ዕድገቱ ፈጣን ስለ ሆነ ቅርፊቱን እንዳይበላው በየሳምንቱ መመልከት አለበት።

እዚህ ላይ ስለ አዛሊያ የተጻፈውን ምክር እንዳለ ለሁመር የሚያውል ሰው ይሳሳታል። የአዛሊያ ኃይል ወደ ታችኞቹ ቅርንጫፎች ያደላልና አትክልተኛው ታቹን አጥብቆ፥ ላዩን አለዝቦ ይከረክማል። የሁመር ኃይል ግን ወደ ጫፉ ይሮጣል። ስለዚህ ላዩን አጥብቀን፥ ታቹን አለዝበን እንቆርጣለን፤ ይህ ካልሆነ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ደክመው ይሞታሉ፥ የጠፋውንም መተካት ይቸግራል።

አራተኛ፤ ዛፉ መልክ ሲይዝ ታቹ ወደ ተበሳ ዝርግ ሸክላ ይዛወራል፤ በየሁለት ዓመቱም ሥሩ ተከርክሞ አፈሩ ይለወጣል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ሐሩር ጧትና ማታ ውኃ ይጠጣል፤ ከቀትር በኋላም የማንጎ ጥላ ይበቃዋል። በመሬት ያለ ሁመር ውኃ ፍለጋ ሥሩን ወደ ጥልቅ ይሰዳል፤ የሳህኑ ሁመር ግን የሚጠባበቀው የባለቤቱን እጅ ብቻ ነውና የአንድ ቀን መዘንጋት የብዙ ዓመት ድካም ሊያጠፋ ይችላል።

እንግዲህ ከሌላ አገር የምንወስደው ዘዴውን ነው። ተክሉን ግን የምንኖርበት ምድር ራሱ ይሰጠናል፤ እንዴት እንደሚቆረጥም የምናውቀው የዚያኑ ተክል ጠባይ አይተን ነው።