ምድርን የመዞር ክብርና ሒሳቡ

ሰው የሚኖርባትን ምድር አንድ ጊዜ ዞሮ ከተነሣበት ቦታ ለመመለስ ያለው ምኞት ጥንታዊ ነው። ከማጄላን ጋር ከእስጳንያ ከተነሡት መርከበኞች መካከል ከሞት የተረፉት ጥቂቶች ይህን ለመፈጸም ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶባቸው በ1522 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲመለሱ፣ አለቃቸው ራሱ በመንገድ ሞቶ ቀርቶ ነበር። ይህንኑ ዑደት፣ ቀኑ ተወስኖለትና ዋጋው ተቈርጦለት፣ ገንዘብ ላለው ሰው ሁሉ የሚሸጥ ያደረገው በ1947 የአሜሪካው ፓን አሜሪካን አየር መንገድ ነው።

በዚያው ዓመት ጁን 17 ቀን፣ «ክሊፐር አሜሪካ» የተባለች ባለ አራት ሞተር የኮንስቴሌሽን አውሮፕላን፣ የድርጅቱን መሪ ኹዋን ትሪፕንና የታወቁ የጋዜጣ አሳታሚዎችን ይዛ ከኒው ዮርክ ተነሣች፤ በለንደን፣ በኢስታንቡል፣ በካራቺ፣ በካልካታ፣ በባንኮክና በማኒላ እያረፈች፣ ሰላማዊ ውቅያኖስንም ተሻግራ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰች።

ይሁን እንጂ ለዚህ ጉዞ አውሮፕላንና ነዳጅ ብቻ አይበቁም ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ 52 መንግሥታት በ1944 በቺካጎ በፈረሙት ውል፣ እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው ሰማይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ስለ ጸና፣ የአንዱ አገር አውሮፕላን በሌላው አገር ላይ ለማለፍ፣ በዚያም ለማረፍ፣ ይልቁንም ከሁለተኛው አገር መንገደኛ አሳፍሮ ወደ ሦስተኛው ለመውሰድ የየመንግሥቱን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። አሜሪካና እንግሊዝ በ1946 በቤርሙዳ የተፈራረሙት ውል የአሜሪካን አውሮፕላኖች ለንደንን አልፈው ወደ ምሥራቅ መንገደኛ ጭነው ለመሄድ አበቃቸው። የሚያስደንቀው ግን የባዕድ መንግሥታትን ደጅ ጠንቶ ፈቃድ ያገኘው ፓን አሜሪካን፣ ከገዛ አገሩ መንግሥት በአገር ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ የማመላለስ ፈቃድ ስላልነበረው፣ የዘወትር በረራው ከኒው ዮርክ ወደ ምሥራቅ ተነሥቶ በሳን ፍራንሲስኮ ማብቃቱ ነው፤ ክቡ እንዳይገጥም የአሜሪካ ስፋት ያህል ይጐድለው ነበር።

የክብሩ ነገር ግን ሌሎችንም ሳበ። የአውስትራሊያው ካንታስ በጃንዋሪ 1958 ሁለት አውሮፕላኖችን ከሜልበርን አንዱን በምሥራቅ፣ ሌላውን በምዕራብ ምድርን እንዲዞሩ ላከ፤ በ1945 መጨረሻ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲመሠረት ረዳት የነበረው የአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብልዩ.ኤ.ም በ1969 የራሱን የዓለም ዙሪያ በረራ ጀመረ።

ሒሳቡ ግን ከክብሩ ጋር አልተስማማም። ምድርን በሙሉ ለመዞር ቲኬት የሚገዛ ሰው በየትኛውም ዘመን እጅግ ጥቂት ነው፤ ነጋዴው ከለንደን እስከ ኢስታንቡል፣ የመንግሥት መልእክተኛው ከካራቺ እስከ ባንኮክ ይሄዳል እንጂ፣ ጉዳዩን ከፈጸመ በኋላ የቀረውን ዓለም ለማየት የሚቀጥል ብዙ አይደለም። ስለዚህ በስሙ አንድ የነበረው በረራ በግብሩ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተሰኩ የብዙ አጫጭር መንገዶች ድምር ነበር፤ አትላንቲክን ሞልቶ የተሻገረው አውሮፕላን በእስያ መካከል ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሊበር ይችል ነበር፤ የየአገሩም መንግሥት የራሱን አየር መንገድ ለመጠበቅ ሲል መንገደኛ እንዳያሳፍር ይገድበው ነበር። በአንዱ ጣቢያ ሞተር ቢበላሽ ወይም ጭጋግ ቢወርድ፣ መዘግየቱ ወደ ሚከተሉት ከተሞች ሁሉ ይተላለፋል፤ ተለዋጮቹ አብራሪዎችና አስተናጋጆችም በየከተማው በድርጅቱ ወጭ እያደሩ መጠበቅ ነበረባቸው። በ1970 ሥራ የጀመረው ግዙፉ ቦይንግ 747 የሚሞሉትን ወንበሮች ቍጥር አበዛ፤ በ1973 የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ ረጅም የሚበሩ አዳዲስ አውሮፕላኖችም በመንገድ ማረፍን በብዙ ስፍራ አላስፈላጊ አደረጉት። ቲ.ደብልዩ.ኤ. በ1975 ዑደቱን ተወ። ፓን አሜሪካንም የአሜሪካ መንግሥት በ1978 የአገር ውስጡን ሰማይ ለውድድር ከፍቶለት ሳለ፣ በ1982 አቆመው፤ ጥቂት ቈይቶ የሰላማዊ ውቅያኖስ መሥመሮቹን በ750 ሚሊዮን ዶላር ለዩናይትድ አየር መንገድ ሸጠ፤ በዲሴምበር 1991 ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ።

ምድርን በአውሮፕላን መዞር ግን አልቀረም፤ የቀረው አንድ ድርጅት ብቻውን ዙሪያውን ሁሉ እይዛለሁ ማለቱ ነው። የአየር መንገዶች ኅብረት የሆኑት ስታር አሊያንስ በ1997፣ ዋንወርልድ በ1999፣ ስካይቲም በ2000 ከተቋቋሙ ወዲህ፣ አየር መንገዶች እያንዳንዳቸው የሚያተርፉበትን መሥመር ይዘው የሌላውን በጓደኛ ስለሚያሟሉ፣ መንገደኛው አቅጣጫውን ሳይቀይር አትላንቲክንና ሰላማዊ ውቅያኖስን ተሻግሮ እንዲመለስ ዓለምን የሚዞር ቲኬት ይሸጥለታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዲሴምበር 2011 ስታር አሊያንስን ስለ ተቀላቀለ ከዚህ ኅብረት ውስጥ ይገኛል። ሰማይ የብዙ መንግሥታት ርስት ሆኖ እስከ ቈየ ድረስ፣ ምድርን ዞሮ ማትረፍ ለብቸኛው ሳይሆን ለተባበሩት እንደ ሆነ የፓን አሜሪካን ታሪክ በቂ ምስክር ነው።