ድምርና ብዜት ሲሰጠን፦ ግምት ወይስ ስኩዌር?

ድምራቸው 34፣ ብዜታቸው 273 የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጉ። ቀ² − 34ቀ + 273ን ፋክተር አድርጉ ሲባልም የሚፈለገው ይኸው ጥንድ ነው። አብዛኞቻችን ወዲያው ወደ አካፋዮች እንሄዳለን፤ 1 እና 273፣ 3 እና 91፣ 7 እና 39 እያልን እንወርዳለን። ቁጥሮቹ ትንንሽ ሲሆኑ ይሄ ጥሩ ነው፣ ፈጣንም ነው። ችግሩ ዝርዝሩ አልቆ ጥንዱ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ያኔ «ፋክተር አይሆንም» ብለን እናልፈዋለን። ግን ጥንዱ ጭራሽ ስለሌለ ነው ወይስ ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ? ነገ መምህር ሆነን ሰሌዳ ፊት ስንቆም አንድ ተማሪ ይህን ቢጠይቀን ዝርዝሩ መልስ የለውም።

እስቲ በሌላ በኩል እንየው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ቢሆኑ ኖሮ እያንዳንዳቸው 17፣ ብዜታቸውም 289 ይሆን ነበር። የተሰጠን ግን 273 ነው፤ 16 ጎድሏል። አንዱ ቁጥር ከ17 በ«መ» ከፍ ካለ ሌላው በዚያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት፣ አለዚያ ድምሩ 34 አይመጣም። (17 + መ) በ(17 − መ) ሲባዛ ደግሞ 289 − መ² ነው። ስለዚህ የጎደለው 16 የመ ስኩዌር ነው፤ መ 4 ነው፤ ቁጥሮቹ 21 እና 13 ናቸው። አለቀ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ባግዳድ የሠራው አል-ኽዋሪዝሚ በአልጀብራ መጽሐፉ ቀ² + 21 = 10ቀን የፈታው በዚሁ መንገድ ነው፤ ያውም ያለ ምንም ምልክት፣ ሁሉንም በቃላት ጽፎ። የ10 ግማሽ 5፣ ስኩዌሩ 25፣ 21 ሲቀነስ 4፣ ዳግም ዘሩ 2። ከ5 ሲቀነስ 3፣ ሲደመር 7። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ የግማሹ ስኩዌር ከተሰጠው ቁጥር ካነሰ ጥያቄው እንደማይቻል በግልጽ ተናግሯል።

የእኛ ጥያቄም መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ድምሩን 10 አድርገን ብዜቱን ብቻ እንለዋውጥ። ብዜቱ 23 ከሆነ 25 − 23 = 2 ነው። 2 ፍጹም ስኩዌር ስላልሆነ ሙሉ ቁጥር አናገኝም፤ ጥንዱ ግን አለ፦ 5 + √2 እና 5 − √2። ብዜቱ 26 ከሆነ ቀሪው −1 ነው፤ እንዲህ ያለ ጥንድ በሪል ቁጥሮች ውስጥ የለም። በአካፋይ ዝርዝር ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት «አልተገኘም» ናቸው።

ድምሩ ጎዶሎ ሲሆን ግማሹ ክፍልፋይ ስለሚያመጣ ሁሉንም በ4 ማባዛት ይቀላል። ድምር 13፣ ብዜት 40 ይሁን፦ 13² − 4 × 40 = 169 − 160 = 9። ይህ 9 የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ስኩዌር ነው፤ ልዩነቱ 3፣ ቁጥሮቹ 8 እና 5። ዲስክሪሚናንት ብለን የምንሸመድደው ነገር እንግዲህ ይኸው ነው። ድምሩና ብዜቱ ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑ፣ እሱ ፍጹም ስኩዌር በሆነ ቁጥር ጥንዱ ሙሉ ቁጥር ይሆናል። ከድምሩ ስኩዌር ላይ የተቀነሰው የ4 ብዜት ስለሆነ ድምሩና ልዩነቱ ሁለቱም ሙሉ ወይም ሁለቱም ጎዶሎ ናቸውና፣ ለ2 ሲካፈሉ ግማሽ አይተርፍም።

ድምር 41፣ ብዜት 408ን ደግሞ እናንተ ሞክሩት፤ አካፋይ ሳትዘረዝሩ።