ኮር አምባዶ፦ የጅቡቲ ቤተሰቦች የዓርብ መዝናኛ

ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ጅቡቲ ማለት ወደብ፣ ትራንዚትና የከባድ መኪና ሰልፍ ነው፤ የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚተላለፈው በዚሁ መሥመር በመሆኑ አስተያየቱ መሠረት የለሽ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዶራሌ ወደቦች አካባቢ አልፎ ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ፣ ከከተማዋ መሀል 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጥቋቁር የእሳተ ገሞራ ዓለቶች መካከል የተዘረጋው የኮር አምባዶ የባሕር ዳርቻ ይገኛል። በዚሁ አቅጣጫ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2018 ሥራ የጀመረው የጅቡቲ ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና፣ ማለትም ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ የሚከማችበት፣ የሚቀነባበርበትና ወደ ሌላ አገር የሚላክበት የተከለለ ሥፍራ አለ።

ዓርብ በጅቡቲ የሳምንቱ ዕረፍት በመሆኑ፣ ቤተሰቦች ሩዙን፣ ሳምቡሳውን፣ የሻይ ፔርሙዙንና ምንጣፉን ጭነው በግል ወይም በኮንትራት መኪና ወደ ዳርቻው ይወርዳሉ። ወቅቱ ግን ወሳኝ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅና የሚያቃጥል ነፋስም የሚነሣው በእነዚሁ ወራት ነው።

ከደጋ የመጣ ጎብኚ ይበልጥ ሊያውቀው የሚገባው የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ነው። ቀድሞ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች በምጽዋ ጉርጉሱም ዳርቻ ይዝናኑ የነበረ ቢሆንም፣ ኤርትራ በ1993 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን ካገኘች ወዲህ ያደገው የአዲስ አበባ ትውልድ በቅርብ የሚያውቀው ዳርቻ የላንጋኖ ሐይቅ ነው፤ በሐይቅ ላይ ደግሞ ውኃው ጠዋት ካለበት ማታ ይገኛል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ግን እንዲህ አይደለም። የጨረቃና የፀሐይ ስበት ከመሬት መሽከርከር ጋር ተዳምሮ ባሕሩን በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ገደማ ዝቅ ያደርገዋል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ያህል የሚያልፍ ሲሆን፣ ጨረቃ በየዕለቱ ዘግይታ ስለምትወጣ የሙላቱ ሰዓትም በቀን 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። በዚህ ምክንያት ባለፈው ዓርብ ከቀትር በፊት ለዋና የተመቸው ዳርቻ በዚህኛው ዓርብ በዚያው ሰዓት ውኃው ሸሽቶ ሊገኝ ይችላል፤ በከተማዋ ውስጥ ያለው የሲየስታ ዳርቻ ይህን በግልጽ ያሳያል፣ ባሕሩ ሲጎድል ሰፊ እርጥብ መሬት ይታይበታልና።

አሸዋውን በጥሞና ለሚያይ መልሱ እዚያው ተጽፏል፦ የባሕር ሣር ፍርፋሪ፣ የተሰበረ ዛጎልና የደረቀ ዐረፋ በአንድ ረድፍ የተጠራቀሙበት መሥመር የመጨረሻው ሙላት የደረሰበት ወሰን ነው። ምንጣፍ የሚነጠፈው ከዚህ መሥመር በላይ ነው፤ ከበታቹ የተነጠፈ እንደሆነ ሕፃናት ምሳ ሲበሉ ውኃው ይደርስባቸዋል። በዓለቶቹ ሥር የሚገኙ እሾሃማ የባሕር ፍጥረታትና ስለታም ኮራሎች እግር ስለሚያቆስሉ፣ ልጆች የውኃ ጫማ እንደተጫሙ ቢገቡ ይመረጣል፤ በወላጅ ዓይን ፈንታ ሌላ ጠባቂ ይኖራል ብሎ መተማመንም አይገባም። ጅቡቲ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ የውኃውም ነጸብራቅ ይታከልበታል። ስለሆነም ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጆችን በጥላ ሥር ማቆየት ይገባል።

የነፃ ንግድ ቀጠናው የመጀመሪያ ምዕራፍ 240 ሄክታር ሲሆን፣ ሙሉ ዕቅዱ 4,800 ሄክታር ነው። ወደቡና መጋዘኑ አገሪቱ የምትኖርበት እንጀራ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ሥራው በሚስፋፋበት በዚሁ አቅጣጫ ያለው ኮር አምባዶ ለሕዝብ ክፍት እንደሆነ እንዲቆይ የሚመለከታቸው ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል፤ ጎብኚውም የተጠቀመበትን ፌስታልና የውኃ ላስቲክ ሰብስቦ ይዞ ይመለስ።