የሯጭ ዕድሜ በምን ይለካል?

ከመገናኛ ተነሥቶ በሃያ ሁለት ማዞሪያ በኩል ወደ መኻል ከተማ የሚዘልቀው ሰፊ ጎዳና በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ይጠራል። በየማለዳው በዚያ መንገድ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት የሚጎርፈው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ነገር ግን ቆም ብሎ፥ «ይህ ሰው ስሙ ለጎዳና መጠሪያ እንዲሆን ያበቃው ከሠራቸው ሥራዎች የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ወርቁ ነውን? የሰበራቸው ክብረ ወሰኖች ናቸውን? ወይስ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይሰለች መሮጡ?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በመካከላችን ብዙ ክርክር የሚያስነሣ ነው። ከምግብ አዳራሽ ወጥተን በረንዳ ላይ በተሰበሰብን ቁጥር፥ «አበበ ይበልጣል»፥ «የለም፥ ቀነኒሳ ይበልጣል» የሚለው ሙግት አይቀርም። አንዱ ሜዳልያ ይቈጥራል፤ ሌላው ሰዓት ይጠቅሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ታሪክ ይተርካል። ሦስቱም የሚከራከሩት ስለ ሯጮች ይመስላቸዋል። በእርግጥ ግን የሚከራከሩት ስለ መለኪያው ነው። ጤፍ በቁና፥ ጨርቅ በክንድ ይለካል፤ ጤፉን በክንድ ልለካ የሚል ሰው ግን ገበያውን ከማወክ በቀር ትርፍ የለውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአትሌት የሥራ ዘመን በምን በምን እንደሚለካ፥ እያንዳንዱም መለኪያ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ለማስረዳት እንሞክራለን። ቀኖቹና ዓመቶቹ፥ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የሌላውን አገር ልማድ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ እንደ ገና ጨዋታ በዱላ ኳስ የሚመታበት፥ ሕጉ ግን ከገና እጅግ የተለየ፥ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። አሜሪካኖች የቤዝቦል ተጫዋችን ታላቅነት የሚለኩት በጠቅላላ ድምር ነው። ሄንሪ አሮን የተባለው ጥቁር ተጫዋች ኳሷን ከሜዳው አጥር አሳልፎ በመምታት ቤብ ሩዝ የተወውን የ714 ቁጥር ያለፈው ሚያዝያ 8 ቀን 1974 ነበር። ወደዚያ ቁጥር በተቃረበ መጠን፥ ጥቁር በመሆኑ ብቻ የሚዝቱበት ደብዳቤዎች ይጎርፉለት ነበር። የፖርቶ ሪኮው ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ደግሞ ለታላላቆች መለያ የሆነውን የ3,000 ቁጥር በመስከረም 30 ቀን 1972 ሞላ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን በኒካራጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች ርዳታ ይዞ ሲሄድ የተሳፈረበት አውሮፕላን ወድቆ ሞተ። ቁጥሩም ከ3,000 ሳይዘል ቀረ።

ቤዝቦል ተጫዋች በዓመት ከመቶ የሚበልጥ ጊዜ ወደ ሜዳ ስለሚወጣ ድምር ይስማማዋል። ዛሬ ቢሳነው ነገ ይክሳል። የእኛ ሯጭ ግን በኦሎምፒክ ፊት የሚቆመው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሱ የሥራ ዘመን በድምር ብቻ አይለካም፤ ሌሎች መለኪያዎች ያስፈልጉታል።

የመጀመሪያው መለኪያ በኵርነት ነው፤ ይኸውም ማንም ያልሠራውን ቀድሞ መሥራት። የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በመስከረም 10 ቀን 1960 በሮማ ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ከዚያ ቀን በፊት ለኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ሜዳልያ ያመጣ ሰው አልነበረም። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበርና የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። የሩጫው መንገድ ከአክሱም ተወስዶ በዚያ በቆመው ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር፤ መጨረሻውም በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ነበር። ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን የያዘው መንግሥት ሠራዊቱን ካዘመተበት ከተማ ላይ ይህ መሆኑ፥ የዚያን ቀን ድል በሰዓት ብቻ ሊለካ የማይችል አድርጎታል።

በዚሁ መለኪያ ደራርቱ ቱሉ ከአበበ ጋር ትቆማለች። ከአርሲ በቆጂ የተነሣችው ደራርቱ በነሐሴ 7 ቀን 1992 በባርሴሎና የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ ሮባም በ1996 በአትላንታ የሴቶችን ማራቶን ስታሸንፍ ለአፍሪካ ሴቶች በኵር ነበረች። በኵርነት አንድ ትልቅ ጠባይ አለው፤ ማንም ሊነጥቀው አይችልም። ከአበበ የፈጠነ ሯጭ ሊመጣ ይችላል፥ መጥቷልም፤ ከአበበ የቀደመ ግን ከእንግዲህ አይመጣም።

ሁለተኛው መለኪያ ሰዓት ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ የተጣራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ አላፊ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 28 ቀን 2008 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሲጨርስ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ከአበበ የሮማ ሰዓት ጋር ብናስተያይ ልዩነቱ ከ11 ደቂቃ ይበልጣል። ታዲያ ኃይሌ ከአበበ በ11 ደቂቃ ይበልጣል ማለት ነውን? አይደለም። አበበ በድንጋይ ንጣፍ ላይ፥ በምሽት፥ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ልፋቱም ወርቅ ለማግኘት እንጂ ሰዓት ለማሳጠር አልነበረም። ኃይሌ ግን በሜዳማ ከተማ፥ በተመረጠ ጫማ፥ ፍጥነቱን የሚጠብቁለት ሯጮች ከፊቱ እየመሩት ሮጠ። ሰዓት የሚያስተያየው ሰውን ከሰው ብቻ ሳይሆን ዘመንን ከዘመን ጭምር ነው።

የቀነኒሳ በቀለ ታሪክ ይህንን ያጎላዋል። ቀነኒሳ በግንቦት 31 ቀን 2004 በሄንጌሎ 5 ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሴኮንድ፥ በሚቀጥለውም ዓመት በብራስልስ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ ሮጠ። ሁለቱም ክብረ ወሰኖች አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ቆሙ። በ2020 ግን የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ሁለቱንም በአንድ ዓመት ውስጥ ሰበራቸው። ክብረ ወሰን ማለት እንግዲህ እንደ ተከራዩት ቤት ነው፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ይኖሩበታል። ታላቅነቱ በመያዙ ብቻ ሳይሆን ስንት ዓመት በመቆየቱም ይመዘናል።

ሰዓት የማይነግረን ሌላም ነገር አለ። በ2000 በሲድኒ ኃይሌ የኬንያውን ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በመቶኛ ዘጠኝ ሴኮንድ ብቻ ነው። ሃያ አምስት ዙር ተሮጦ ልዩነቱ የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልነበረም። ሰዓቱ ክብረ ወሰን አልነበረም፤ ሆኖም ያንን ሩጫ ያየ ሰው ከኃይሌ ክብረ ወሰኖች ሁሉ ይልቅ እሱን ያስታውሳል። በ2004 በአቴና ደግሞ ወጣቶቹ ቀነኒሳና ስለሺ ስኅን እየመሩ ሳለ ኃይሌ ደረሰ አልደረሰ እያሉ ደጋግመው ወደ ኋላ ሲመለከቱ ታይተዋል። ቀነኒሳ አንደኛ፥ ስለሺ ሁለተኛ፥ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። አምስተኛነት በሜዳልያ ቈጠራ ባዶ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ትውልድ ለሌላው ስፍራውን የለቀቀበት ቀን ያ ስለ ሆነ፥ ከሥራ ዘመኑ ምዕራፎች እንደ አንዱ መቈጠር አለበት።

ሦስተኛው መለኪያ መመለስ ነው። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት አምስት ሳምንት ገደማ በኋላ፥ በጥቅምት 21 ቀን 1964 በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸንፎ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1968 በሜክሲኮ በእግር ጉዳት ሲያቋርጥ ጓዱ ማሞ ወልዴ ወርቁን ከኢትዮጵያ እጅ እንዳይወጣ አደረገ። ማሞ በ1956 በሜልቦርን አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ በአጭርና በመካከለኛ ርቀት የሮጠ ሰው ነው። በአርባ ዓመቱ፥ በ1972 በሙኒክ፥ በማራቶን ሦስተኛ ወጣ። ደራርቱም ልጅ ወልዳ ከተመለሰች በኋላ በሲድኒ ወርቋን ደገመች፤ በ37 ዓመቷም በ2009 የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ቀነኒሳ በጉዳት ምክንያት ደጋግሞ ሲያቋርጥ ብዙ ሰው «አበቃለት» ብሎ ነበር። በ2019 በበርሊን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ሲገባ ከዓለም ክብረ ወሰን የጎደለው ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነበር።

አራተኛው ነገር መለኪያ ሳይሆን ጕድለት ነው፤ ያልተሮጠው ሩጫ። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳልያ ካገኘ በኋላ ኃይሉ በበረታበት ጊዜ፥ በ1976 ኢትዮጵያ ከሞንትሪያል ቀረች። ምክንያቱ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘር እየለየ ይገዛ ወደነበረው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወቱ ነበር፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮችም አብረው ቀሩ። ምሩጽ አራት ዓመት ጠብቆ በ1980 በሞስኮ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቆችን አገኘ። በመጨረሻው ዙር ፍጥነቱን በድንገት ስለሚለውጥ «ማርሽ ቀያሪው» ተባለ። ከዚያም በ1984ና በ1988 አገራችን በሌላ የፖለቲካ ምክንያት ደጋግማ ቀረች። በእነዚያ ዓመታት እድሜያቸው ያለፈባቸው ሯጮች ስም በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

የ1976ቱ ውሳኔ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? ለወንድሞች ነጻነት ሲባል ዋጋ መክፈል የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ዋጋውን በላቡ የከፈለው ሯጩ መሆኑን መርሳት አይገባም። መልሱም የመጣው በሩጫ ሜዳ ላይ ነው። ደራርቱ በባርሴሎና ስታሸንፍ ሁለተኛ የወጣችው፥ አገሯ ከረጅም ዘመን መገለል በኋላ የተመለሰችው ደቡብ አፍሪካዊት ነጭ፥ ኤላና ማየር ነበረች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ምሩጽ በ1976 ሳይሮጥ የቀረበት ምክንያት በ1992 በደራርቱ እጅ ተቋጨ ብንል አላጋነንንም። እንግዲህ የአንዱ የሥራ ዘመን ጕድለት በሌላው የሥራ ዘመን ሊሞላ ይችላል።

ይህንኑ የሚመስል ሌላ ነገር አለ። አበበ ወደ ሮማ የሄደው ዋሚ ቢራቱ በመጎዳቱ በምትኩ ነበር። በነሐሴ 10 ቀን 2024 በፓሪስ የኦሎምፒክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ በአዲስ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ያሸነፈው ታምራት ቶላም መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበረ። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተካ። ሁለቱን ድሎች 64 ዓመት ይለያቸዋል፤ መንገዳቸው ግን አንድ ነው። ተጠባባቂ ማለት ዕድል የሚጠብቅ ሥራ ፈት ሳይሆን፥ እንደማይጠራ እያወቀ እንደሚጠራ ሰው የሚዘጋጅ መሆኑን ከዚህ መማር ይቻላል።

በመጨረሻም ሩጫ ሲቆም የሥራ ዘመን ያበቃል ወይ የሚለው ይቀራል። አበበ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እሱ ግን በጋሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት በመወርወር በሚደረግ ውድድር ተካፈለ፤ በጥቅምት 25 ቀን 1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። ማሞ ወልዴ በ1990ዎቹ ለዓመታት ታሥሮ በ2002 ተፈታ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። ደራርቱ ከ2018 ጀምሮ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርታለች። ኃይሌ በ2001 የተጀመረውን ታላቁን ሩጫ በኢትዮጵያ መሠረተ። በዚያ ሩጫ በየዓመቱ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው ቲሸርቱን ለብሶ ይወጣል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሰዓታቸውን አይመለከቱም፤ በእነሱ ዘንድ መለኪያው መውጣቱ ራሱ ነው።

ውድ ጓደኞች፤ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ክርክር ስንጀምር «ማን ይበልጣል?» ከማለት አስቀድመን «በምን መለኪያ?» እንበል። ይህ ለሯጮች ብቻ አይደለም። እኛም ተማሪዎች በየሴሚስተሩ መጨረሻ በአንዲት ቁጥር እንለካለን፤ ቁጥሯ ዝቅ ያለችበት ጓደኛችን አብቅቶለታል ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን። ቁጥሯ ውሸት አትናገርም፤ ሁሉን ግን አትናገርም። ምሩጽ በ1976 በመዝገብ ላይ ምንም አልነበረም። ሆኖም በዚያው ዓመት ልምምዱን ባይቀጥል ኖሮ የ1980ው ምሩጽ ባልኖረም ነበር።