ምላሹ ያልደረሰ ጥያቄ፦ በፕሮሚስ የሚሠሩ የኤችቲቲፒ ላይብረሪዎች ውድቀትን እንዴት ይተረጉማሉ?

መግቢያ

በጃቫስክሪፕት የተጻፈ የድር መተግበሪያ መረጃ ከሰርቨር ለማምጣትም ሆነ ወደ ሰርቨር ለመላክ የኤችቲቲፒ ጥያቄ ያቀርባል። ይህን ሥራ ለማቅለል የተዘጋጁ ላይብረሪዎች ብዙ ናቸው። ከእነርሱም መካከል አክሲዮስ በስፋት የሚታወቀው ሲሆን፣ ካይ ደግሞ መጠኑ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ በመሆኑና በሌላ ላይብረሪ ላይ ባለመደገፉ ቀላል ከሚባሉት ይመደባል። ላይብረሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጻጸሩት በፋይላቸው መጠንና በአጠቃቀማቸው አጭርነት ነው። ይህ ጽሑፍ ሌላ መመዘኛ ያቀርባል፤ እርሱም ላይብረሪው ጥያቄ ሳይሳካ ሲቀር የሚወስደው ውሳኔ ነው። ይህ ውሳኔ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በታብሌት ወይም በስልክ የመስክ መረጃ ለሚሰበስብ ተመራማሪ፣ በመጨረሻ በሠንጠረዡ ውስጥ ስንት ረድፍ እንደሚገኝና የትኞቹ ረድፎች እንደሚጎድሉ የሚወስን ነው።

ነጥቡን ለማስረዳት አንድ ምናባዊ ጥናት እንውሰድ። የ400 አባወራዎች ቃለ መጠይቅ በድር ቅጽ ተሞልቶ በሞባይል ኔትወርክ ይላካል። ከጥናቱ ቀበሌዎች ጥቂቶቹ ኔትወርካቸው ይቆራረጣል። በየክፍሉ የሚነሣው ጥያቄ በዚህ ጥናት መረጃ ላይ ምን ያስከትላል የሚለው ነው።

ከኮልባክ ወደ ፕሮሚስ

ገጹን ዳግም ሳይጭኑ ከሰርቨር ጋር መነጋገር የተቻለው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር ባስተዋወቀውና በኋላም ኤክስኤምኤል ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት በሚል ስም በሌሎች ማሰሻዎች በተስፋፋው መሣሪያ ነው። በዚህ መሣሪያ ምላሹን የሚቀበለው ኮልባክ የሚባል ፋንክሽን ነበር። አንዱ ጥያቄ የሌላውን ምላሽ ሲጠብቅ ኮልባክ በኮልባክ ውስጥ ይገባል፤ ኮዱም ለማንበብ አዳጋች ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ስሕተትን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ማስተናገድ አይቻልም ነበር።

ፕሮሚስ ለዚህ መፍትሔ ሆነ። ጽንሰ ሐሳቡ ከጃቫስክሪፕት ይቀድማል፤ ባርባራ ሊስኮቭና ሊዩባ ሽሪራ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚሁ ስያሜ ጽፈውበታል። ወደ ጃቫስክሪፕት መደበኛ ቋንቋ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ፕሮሚስ ገና ያልተገኘን ውጤት የሚወክል ነገር ሲሆን፣ ከሦስት ሁኔታዎች በአንዱ ይገኛል፦ በመጠባበቅ ላይ ያለ፣ የተፈጸመ ወይም የከሸፈ። ከተፈጸመ ወይም ከከሸፈ በኋላ ሁኔታው ዳግም አይለወጥም። አክሲዮስ እ.ኤ.አ. በ2014 በማት ዛብሪስኪ ሲጀመር፣ የቀድሞውን የማሰሻ መሣሪያ በፕሮሚስ ሸፍኖ አቀረበ። ማሰሻዎቹ ራሳቸው ፌች የተባለውን በፕሮሚስ የሚሠራ ፋንክሽን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ማቅረብ ጀመሩ፤ ካይም በዚሁ በፌች ላይ የተገነባ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፕሮሚስ ሁለት ማብቂያዎች ብቻ አሉት፤ ይፈጸማል ወይም ይከሽፋል። በኔትወርክ ላይ የሚያጋጥመው ነገር ግን ከሁለት በላይ ነው። ጥያቄው ተቀባይነት ሊያገኝ፣ በግልጽ ውድቅ ሊደረግ ወይም ዕጣ ፈንታው ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። ላይብረሪዎቹ የሚለያዩት እነዚህን ሦስቱን ወደ ሁለት በሚያጠቃልሉበት መንገድ ነው።

ውድቀት የሚባለው ምንድን ነው?

ፌች ውድቀትን በጠባቡ ይተረጉማል። ፕሮሚሱ የሚከሽፈው በዋናነት ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት ሳይቻል ሲቀር ነው። ሰርቨሩ «አልተገኘም» የሚል የ404 ወይም «የውስጥ ስሕተት አጋጥሟል» የሚል የ500 ኮድ ቢመልስም፣ ፌች ፕሮሚሱን እንደተፈጸመ ይቆጥረዋል። አመክንዮው ትክክል ነው፤ ጥያቄው ደርሷል፣ ምላሹም ተመልሷል። የምላሹ ኮድ ከ200 እስከ 299 ባለው ክልል ውስጥ መሆኑን የማረጋገጡ ኃላፊነት ግን በፕሮግራመሩ ላይ ይወድቃል። ይህ ማረጋገጫ ከተዘለለ፣ በምናባዊው ጥናታችን ሰርቨሩ መረጃውን ሳያስቀምጥ የ500 ምላሽ ሰጥቶ ሳለ መረጃ ሰብሳቢው «ተልኳል» የሚል መልእክት ያነባል፤ ቅጹም ከታብሌቱ ይሰረዛል።

አክሲዮስና ካይ ሁለቱም ይህን ትርጓሜ ያሰፉታል። ከተጠቀሰው ክልል ውጭ የሆነ ኮድ ሲመለስ ፕሮሚሱ እንዲከሽፍ ያደርጋሉ። በዚህም ያልተነበበ ስሕተት እንደ ስኬት እንዳይቆጠር ይከላከላሉ። አክሲዮስ በተጨማሪ አንድ ጠቃሚ ልዩነት ያስቀምጣል። ሰርቨሩ በስሕተት ኮድ መልሶ ከሆነ፣ የተመለሰው ምላሽ ከስሕተቱ ጋር ተያይዞ ይገኛል፤ ጥያቄው ተልኮ ምንም ምላሽ ካልመጣ ግን ከስሕተቱ ጋር የሚገኘው ጥያቄው ብቻ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ለተጠቃሚው በአንድ ዓይነት «አልተላከም» መልእክት መገለጽ የለባቸውም። በመጀመሪያው ሰርቨሩ ተናግሯል፤ በሁለተኛው ዝም ብሏል። ዝምታ ደግሞ እምቢታ አይደለም።

እስከ መቼ ይጠበቃል?

ዝምታ ወደ ውድቀት የሚለወጠው የጊዜ ገደብ ሲያልፍ ነው። በዚህም ረገድ ነባሪ ቅንብሮቹ ይለያያሉ። ፌች የራሱ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ከተፈለገ ከውጭ በማቋረጫ ምልክት ይሰጠዋል። የአክሲዮስ ነባሪ ገደብ 0 ነው፤ ይህም ገደብ የለም ማለት ነው። ካይ ግን ካልተለወጠ በስተቀር ከ10 ሴኮንድ በኋላ ጥያቄውን ያቋርጣል። በፈጣን መስመር ላይ ለሚሠራ ቢሮ 10 ሴኮንድ ብዙ ነው፤ ፎቶግራፍ ያለበትን ቅጽ በደካማ ኔትወርክ ለሚልክ ሰው ግን ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ነባሪውን እንዳለ መቀበልም ሳይታወቅ የተወሰደ ውሳኔ ነው።

የጊዜ ገደብ ምን እንደማያደርግ ማወቅም ያስፈልጋል። ገደቡ ሲያልፍ የሚቆመው የደንበኛው መጠበቅ እንጂ የሰርቨሩ ሥራ አይደለም። ጥያቄው ቀድሞ ደርሶ፣ መረጃው ተመዝግቦ፣ የጠፋው የማረጋገጫው ምላሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። በደንበኛው በኩል ሲታይ ያልደረሰ ጥያቄና ደርሶ ምላሹ የጠፋበት ጥያቄ ፈጽሞ አይለዩም።

መቼ ይደገማል?

መለየት ካልተቻለ የሚቀረው መንገድ እንደገና መላክ ነው። የኤችቲቲፒን ትርጓሜ የሚወስነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አርኤፍሲ 9110 የተባለው ሰነድ፣ ለዚህ መሠረት የሚሆን ክፍፍል ይሰጣል። ጌት፣ ፑትና ዲሊት የተባሉት ዘዴዎች አይደምፖተንት ናቸው፤ አንድ ጊዜም ሆነ አሥር ጊዜ ቢቀርቡ በሰርቨሩ ላይ ሊያስከትሉት የታሰበው ውጤት አንድ ነው። ፖስት ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም፤ ሁለት ጊዜ የተላከ ፖስት ሁለት ረድፍ ሊፈጥር ይችላል።

አክሲዮስ በራሱ ምንም አይደግምም፤ ድግግሞሽ የሚፈልግ ሰው በኢንተርሴፕተር ወይም በተጨማሪ ላይብረሪ ይጨምራል። ካይ ግን ጌትንና ፑትን የመሳሰሉትን እስከ 2 ጊዜ በነባሪነት ይደግማል፤ ፖስትን ይተዋል። የሚደግመውም እንደ 429፣ 500 እና 503 ያሉ ጊዜያዊ ሊሆኑ የሚችሉ ኮዶች ሲመለሱ ወይም ግንኙነቱ ሲቋረጥ እንጂ፣ 404 ሲመለስ አይደለም። በሙከራዎቹ መካከል ያለው ዕረፍት በየጊዜው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል፤ መጀመሪያ 300 ሚሊሴኮንድ፣ ቀጥሎ 600። ዕረፍቱን ማራዘም የተጨናነቀ ሰርቨር እንዲያገግም ይረዳል። ሆኖም ኔትወርክ በተመለሰ ቅጽበት ብዙ ታብሌቶች በአንድነት ከጀመሩ፣ እኩል ዕረፍት ወስደው እኩል ይመለሳሉ። ስለሆነም በዕረፍቱ ላይ በዘፈቀደ የሚለያይ ጥቂት ጊዜ መጨመር ይመከራል።

ፖስትን ያለ ጥንቃቄ መድገም ምን ያስከትላል? በምናባዊው ጥናት 12 ቅጾች ተመዝግበው ሳለ ምላሻቸው ቢጠፋና ቢደገሙ፣ ሠንጠረዡ 412 ረድፍ ይኖረዋል፤ ጭማሪው 3 በመቶ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ችግሩ ግን ቅጂዎቹ በዘፈቀደ የተበተኑ አለመሆናቸው ነው፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥባቸው፣ ምናልባትም ከከተማ በራቁት ቀበሌዎች ይከማቻሉ። በተቃራኒው ድግግሞሽን ፈጽሞ መተው እነዚያኑ ቀበሌዎች ከናሙናው ያጎድላል። አንዱ ምርጫ ሩቁን ቀበሌ ያገዝፋል፤ ሌላው ያሳንሳል። በሁለቱም መንገድ የኔትወርኩ ጥራት ሳይታሰብ ከጥናቱ ተለዋዋጮች አንዱ ይሆናል። በኋላ ተመሳሳይ ረድፎችን ፈልጎ ማጥፋትም አስተማማኝ አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ አባወራዎች አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጡ ይችላሉና።

የሰርቨሩ ድርሻ

ይህን አጣብቂኝ የትኛውም የደንበኛ ላይብረሪ ብቻውን አይፈታውም። መፍትሔው ደንበኛውና ሰርቨሩ በአንድ መለያ ቁልፍ መስማማታቸው ነው። ቅጹ ሲከፈት ታብሌቱ የማይደገም መለያ ያመነጫል፤ ዘመናዊ ማሰሻዎች ለዚህ የሚሆን ዝግጁ ፋንክሽን አላቸው። መለያው ከቅጹ ጋር በታብሌቱ ይቀመጣል፤ በእያንዳንዱ ሙከራም አብሮ ይላካል። ሰርቨሩ ቁልፉን ከዚህ በፊት ካየው አዲስ ረድፍ ሳይፈጥር የቀድሞውን ምላሽ መልሶ ይሰጣል። ስትራይፕን የመሰሉ የክፍያ አገልግሎቶች አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥ የሚጠቀሙት ዘዴ ይህ ነው። ሌላው አማራጭ መለያውን የአድራሻው አካል አድርጎ በፑት መላክ ነው፤ በዚህ ጊዜ ድግግሞሹ ያንኑ ረድፍ መልሶ ይጽፋል፤ የካይ ነባሪ ድግግሞሽም ያለ ስጋት ይሠራል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ወሳኝ ናቸው። አንደኛው፣ ቁልፉ የሚመነጨው ለቅጹ እንጂ ለሙከራው አይደለም። በእያንዳንዱ ሙከራ በሚሠራ ኢንተርሴፕተር ውስጥ ቁልፍ ማመንጨት ለአንድ ቅጽ ብዙ ማንነት መስጠት ነው፤ ጥበቃውም ከንቱ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የቁልፉ አለመደገም በዳታቤዙ ውስጥ በገደብ መረጋገጥ አለበት። ፕሮግራሙ «አለ ወይ?» ብሎ ጠይቆ ቀጥሎ ከመዘገበ፣ በጥያቄውና በምዝገባው መካከል ሁለት ሙከራዎች እኩል ሊያልፉ ይችላሉ።

ማጠቃለያ

ቀላል ላይብረሪ መምረጥ ተገቢ ነው፤ በተለይ ገጹ በደካማ ኔትወርክ የሚጫን ከሆነ ጥቂት ኪሎባይት እንኳ ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ ከመጠኑ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል፦ ላይብረሪው ውድቀት የሚለው ምኑን ነው? እስከ መቼ ይጠብቃል? የትኛውን ጥያቄ በራሱ ይደግማል? መልሶቹ በነባሪ ቅንብሮቹ ውስጥ ስለሚገኙ አንብቦ ማረጋገጥ ይቻላል። በዲጂታል መንገድ መረጃ የሰበሰበ ጥናትም የናሙና አወሳሰዱን በሥነ ዘዴ ክፍሉ እንደሚገልጽ ሁሉ፣ የተቋረጡ ጥያቄዎችን እንዴት እንዳስተናገደና ድግሞችን እንዴት እንደለየ በአንድ አንቀጽ ቢገልጽ፣ አንባቢው የሠንጠረዡን ቁጥሮች ምን ያህል ማመን እንደሚገባው ያውቃል።